እንቁላል መጣል ያቆመችው ዶሮዬ ከስታለች፤ ከየት ልጀምር?

ባለአራት_ዶሮ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ዶሮዎች አሉኝ። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛዋ፣ ቡኒዋ፣ እንቁላል መጣል ካቆመች 6 ሳምንት ሆናት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። በፊት በሳምንት 5፣ አንዳንዴም 6 ትጥል ነበር። መጀመሪያ ቅርፊቱ ሳሳ። ቀጥሎ ቀን መዝለል ጀመረች። ከዚያ ጭራሽ ተወችው።

ትረፍ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን የእንቁላሉን ነገር ረስቼዋለሁ፤ ያስጨነቀችኝ እሷው ናት። ትናንት ማታ ሳነሳት ቅልል አለችኝ። ላባዋ ስለሚሸፍናት መክሳቷ በዓይን አያስታውቅም። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጣ ብሎ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ሌሎቹ መሬት ሲጭሩ እሷ ጥግ ይዛ ዓይኗን ከደን ገለጥ ታደርጋለች። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ የኔዋ ግን ጥሬ ስበትንላት አንድ ሁለቴ ነካ አድርጋ ትተወዋለች።

የምሰጣቸው የእንቁላል ጣይ መኖ ነው። ውሃ ሁልጊዜ አለ። ላባዋን አላራገፈችም። ጭር ብላ ጎጆ ላይም አልተኛችም። ምን ላድርግላት?

ፈጥኖ_ደራሽ

እህቴ፣ እኔ እንዲህ ሲሆኑብኝ አንቲባዮቲክ ውሃቸው ውስጥ እጨምራለሁ። ለአራቱም ስጫቸው። ሳይዛመት ቶሎ ብትጀምሪ ጥሩ ነው።

የቆጥ_ጠባቂ

ወንድሜ፣ ለመርዳት እንደፈለግህ ይገባኛል፤ ግን እባካችሁ ከዚያ አንጀምር። ገና ምን እንደያዛት አናውቅም። አንቲባዮቲክ ትልንም ቅንቅንንም አይገድልም፤ በቫይረስ ላይም አይሠራም። ሦስቱ ጤነኞች ያለ ምክንያት መድኃኒት ይጠጣሉ። እንቁላላቸውም መድኃኒቱ ከሰውነታቸው እስኪወጣ አይበላም።

እህቴ፣ ከእንቁላሉ በፊት ስለ እሷ መጨነቅሽ ልክ ነው። ዶሮ ሰውነቷ ሲጎዳ መጀመሪያ የምትተወው እንቁላሉን ነው፤ ስትድንም በመጨረሻ የሚመለሰው እሱ ነው። ስለዚህ አሁን የምንፈልገው የከሳችበትን ምክንያት ነው። እሱን ደግሞ በእጅሽ ነው የምታገኚው።

ነገ ጠዋት ሳትበላ ያዣት። ክንፏን ሰብስበሽ ብብትሽ ሥር አድርጊያት፣ ትረጋጋለች። የደረቷን አጥንት ዳብሺ። ደህና ዶሮ ላይ አጥንቱ ይሰማሻል፤ ግራና ቀኙ ግን ሥጋ ሞልቶታል። አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ቀጥ ብሎ ከወጣ በጣም ከስታለች ማለት ነው።

ከዚያ ከአንገቷ ሥር በስተቀኝ በኩል ያለውን የምግብ ከረጢት ንኪ። ጠዋት ባዶ መሆን አለበት። ጠጣር ሆኖ ካደረ ምግቡ አልወረደም። ውሃ እንደሞላ ፊኛ የሚንቦጫቦጭ ከሆነና አፏ የኮመጠጠ ሽታ ካለው ያ ሌላ በሽታ ነው። ማታ ቆጥ ላይ ስትወጣ ደግመሽ ንኪው። በልታ ከዋለች ሞልቶ ታገኚዋለሽ።

ሆዷን ዳብሺ። ያበጠና ውሃ ያዘለ ከሆነ እዚያው አቁመሽ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እንቁላል መውጫዋ አካባቢ ላባውን ገልጠሽ እዪ። የላባው ሥር ላይ ነጭ ጉብታ ከተጣበቀ የቅማል እንቁላል ነው። መውጫዋ ሰፋ ብሎ እርጥብ ከሆነ የምትጥል ዶሮ ናት፤ ጥብቅ ብሎ ከደረቀ አቁማለች። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች መሃል ስንት ጣት ይገባል? የምትጥል ዶሮ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ይገባል።

ኩሷንም አትለፊው። ለብቻዋ አንድ ሌሊት ጋዜጣ ላይ አሳድሪያትና ጠዋት አይተሽ ንገሪን።

ላባና_አፈር

አንድ ነገር ልጨምር። አንገት መጠምዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ችግር ወይም ድንገተኛ ሞት ካየሽ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳትነካኪ የእንስሳት ሐኪም ጥሪ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው። የገለጽሽው ግን እሱን አይመስልም። ሦስቱ ደህና ሆነው እሷ 6 ሳምንት ሙሉ ቀስ በቀስ መድከሟ ወደ ሌላ ነው የሚመራው።

ባለአራት_ዶሮ

እንዳላችሁኝ አደረግኩ። የደረቷ አጥንት ስለት ሆኗል፤ እጄን ሳሳርፍበት ደነገጥኩ። ከረጢቱ ጠዋት ባዶ ነው። ማታም ግን የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ነገር ብቻ ነው ያለው፤ የሌሎቹ ደግሞ ትንሽ ኳስ ያህላል። ሆዷ አላበጠም። የቅማል እንቁላል አላየሁም። መውጫዋ ጥብቅ ብሎ ደርቋል፣ በአጥንቶቹ መሃል አንድ ጣት በጭንቅ ይገባል። ኩሷ ከማነሱ በቀር ደም የለው፣ ትል አይታይበት። በኩሽና ሚዛን መዘንኳት፤ 1 ኪሎ ከ380 ግራም። ጓደኛዋ፣ እኩያዋ፣ 1 ኪሎ ከ900 ናት።

የቆጥ_ጠባቂ

ጎበዝ። ሁለት ነገር ነው ያየሁት። አንደኛ፣ በቂ አትበላም። ሁለተኛ፣ ነጥታለች፤ ደም አንሷታል። ትል በኩስ ውስጥ አለመታየቱ የለም ማለት ስላልሆነ ኩሷን ለምርመራ ውሰጂው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ማታ ከጨለመ በኋላ የዶሮ ቤቱን አይተሽ ታውቂያለሽ?

ባለአራት_ዶሮ

እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ሲመሽ በሩን ዘግቼ እገባለሁ።

የቆጥ_ጠባቂ

ዛሬ ማታ ከጨለመ ከሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪና ነጭ ጨርቅ ይዘሽ ግቢ። የቆጡን እንጨት ከሥሩ በጨርቁ ጥረጊው። እንጨቱ ከግድግዳው የሚገጥምበት ቦታ ላይ አተኩሪ። ያየሽውን ጻፊልን።

ባለአራት_ዶሮ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ገባሁ። አራቱም ቆጥ ላይ ናቸው። ቡኒዋ ከሁሉም ጥግ፣ ግድግዳው ጋ፣ እንጨቱ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ናት። ጨርቁን ከሥር አስገብቼ ሳብ አደረግኩት። በባትሪ ሳየው ቀይ መስመር ተስሎበታል። ደም ነው። ጠጋ ብዬ ስመለከት የተረፉት ይንቀሳቀሳሉ፤ የመርፌ ጫፍ ያክላሉ፣ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ግራጫ። የእንጨቱን ጫፍ ብድግ ሳደርገው ሥሩ ግራጫ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አመዱ ይርመሰመሳል። ከእግሯ ላይም ወደ ሆዷ ላባ ሲወጡ አየሁ። እሷ ቆማ እግሯን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች።

ስንት ሌሊት እንዲህ ቆማ አደረች? ቀን ላይ እኮ በየላባዋ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም።

የቆጥ_ጠባቂ

ቀን አታገኚውም። ያ ቀይ ቅንቅን ነው። ዶሮዋ ላይ አይኖርም፤ የሚኖረው ቤቱ ውስጥ ነው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጥና ይመለሳል። ለዚህ ነው ሰው ዶሮዋን ሲያገላብጥ ውሎ «ምንም የለባትም» የሚለው። ከሁሉም በላይ የተጎዳችው እሷ የሆነችው ጥግ ላይ ስለምታድር ይሆናል። ሌሎቹም እየተነከሱ ነው፤ ገና አልታየባቸውም።

አሁን አትዘኚ፣ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ዶሮዋን ብቻ ብታክሚ አይጠቅምም፤ ማታ ተመልሳ እዚያው ነው የምታድረው። ቤቱ ነው የሚታከመው። ሙቀት ካለ ከእንቁላል ተነስቶ ሙሉ ቅንቅን እስኪሆን አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ዶሮ በሌለበት ባዶ ቤት ደግሞ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ስለዚህ «ቤቱን ትንሽ ጊዜ ልዝጋው» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

ላባና_አፈር

እኔ ከዚህ ጉድ የወጣሁት እንዲህ ነው። ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥቼ አቃጠልኩ። ቆጡንና የጎጆውን ሳጥን ፈታሁ። ስንጥቁን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ። ከዚያ የፈላ ውሃ፣ በየስንጥቁ፣ ቀስ ብዬ። ሙቅ ውሃ አይበቃም፣ የፈላ መሆን አለበት። በደንብ ከደረቀ በኋላ ቆጡን እንደ ድሮው ግድግዳ ውስጥ አልሰካሁትም፤ ከግድግዳ አርቄ በእግር አቆምኩት። ስንጥቆቹን በሙጫና በቀለም ደፈንኩ። በ6ኛው ቀን ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገምኩት። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ሰው የሚሸነፈው የመጀመሪያውን ጽዳት አይቶ ሲያቆም ነው፤ የቅንቅኑ እንቁላሎች በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ።

ሦስቱን ጊዜ ሳልሰለች ብሠራ ኖሮ አንዲት ዶሮ ባልሞተችብኝ። መጀመሪያ ጊዜ አንዴ አጽድቼ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈጥኖ_ደራሽ

እኔም ዛሬ ማታ ጨርቅ ይዤ እገባለሁ። ለአንቲባዮቲኩ ምክር ይቅርታ፤ እኔ ስሰጣቸው የተሻላቸው በራሳቸው ይሆናል፣ አሁን ሳስበው። የሚረጭ መድኃኒትስ? ቤት ውስጥ ለውሻ የገዛሁት የቁንጫ መድኃኒት አለ።

የቆጥ_ጠባቂ

የውሻውን እንዳትነካ። መጠኑም ይዘቱም ለዶሮ አልተሠራም፤ እንቁላሉ ውስጥም ይገባል። ለዶሮ የተፈቀዱ የሚረጩም፣ በሚጠጣ ውሃ የሚሰጡም አሉ። ፍሉራላነር የሚባለው በውሃ በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። መጠኑን በክብደታቸው የሚያሰላውና እንቁላሉ መቼ እንደሚበላ የሚነግርህ ሐኪሙ ነው። የድንጋይ ዱቄትና አመድ የሚነሰንሱም አሉ፤ በርትቶ የመጣን ቅንቅን ብቻውን አያጠፋም፣ አቧራው ደግሞ ለሳንባ አይበጅም፣ ለእነሱም ለእኛም።

ባለአራት_ዶሮ

ሐኪም አይቷታል። ቅንቅኑን አረጋገጠልኝ፣ ለአራቱም መድኃኒት አዘዘ። የኩሷ ምርመራ ትል የለውም። ቤቱን ትናንት ቀኑን ሙሉ ፈትቼ አጠብኩ። የፈላ ውሃው ሲፈስባቸው ከስንጥቁ እየተንሳፈፉ ወጡ።

አሁን እሷን ማብላት ነው የቀረኝ። ምን ልስጣት? በቆሎ ይጠቅማት ይሆን?

ወይዘሮ_ጭራሮ

የኔ እመቤት፣ በቆሎ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ደም አይተካም። ፕሮቲኑ ከመቶ 8 ወይም 9 ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ግን ከ16 እስከ 18 አለው። ሆዷን በበቆሎ ከሞላሽው መኖውን ትተወዋለች። እኔ የታመመችውን የማበላት መኖውን በለብታ ውሃ አርሼ ገንፎ አስመስዬ ነው። ከበላች በኋላ የተረፈውን ሳይኮመጥጥ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እቀይረዋለሁ። የተቀቀለ እንቁላል አድቅቀሽ ከላይ ጣል አድርጊበት። አፏን ከፍተሽ በግድ አታጉርሺ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ምንቃሯ ጫፍ ላይ ቀባ አድርጊላት፣ ትልሰውና ትጀምራለች።

ውሃውን ከመኖው በላይ ጠብቂ። እንቁላል ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። አንድ ቀን የተጠማች ዶሮ ለቀናት እንቁላል ታቆማለች።

ሌላ ደግሞ እዪ፦ ስትቀርብ ይነክሷታል? የደከመችን ዶሮ ጓደኞቿ ከመኖ ያባርሯታል። ዘወር ብለሽ ሳያዩሽ አንድ ሩብ ሰዓት ተመልከቺ።

ባለአራት_ዶሮ

እማማ፣ ተመለከትኩ። ልክ ነዎት። ጥቁሯ አንገቷን ዘርጋ ስታደርግ ብቻ ቡኒዋ ወደ ኋላ ትላለች። ንክሻ እንኳ የለም፣ ማየት ብቻ ይበቃታል። እኔ የምትበላ ይመስለኝ የነበረው መኖው አጠገብ ስለምትቆም ነው።

በሽቦ አጥር ለብቻዋ ከለልኳት።

ወይዘሮ_ጭራሮ

ደግ አደረግሽ ልጄ። ግን እንዳይጠፏት፣ በሽቦው ይተያዩ። ጭራሽ ከዓይናቸው ከወጣች ስትመለስ እንደ እንግዳ ይቀጠቅጧታል። ስትቀላቀልም ሁለት የመኖ ዕቃ፣ ሁለት የውሃ ዕቃ አራርቀሽ አስቀምጪ።

ጎጆ_ወጪ

ክሩን ስላቋረጥኩ ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። የኔዋ ዛሬ ጠዋት ጀምሮ ቀጥ ብላ ቆማ ጅራቷን ወደ ታች ጥላ ታምጣለች። ጎጆ ትገባለች፣ ትወጣለች። ምንም አይወጣም። ሆዷ ጠጣር ነው።

የቆጥ_ጠባቂ

እንቁላል ተይዞባት ይሆናል። አሁኑኑ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጅ፤ ክንድህን ስትነክር የሚሞቅ እንጂ የማያቃጥል። ሆዷና መውጫዋ እስኪጠልቅ 20 ደቂቃ ያህል ያዛት። ብዙ ጊዜ እዚያው ትረጋጋለች። ከዚያ በፎጣ አድርቀህ ሙቀት ያለው ጨለም ያለ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣት። መውጫዋን በዘይት ወይም በቫዝሊን ቀባ። ሆዷን አትጫን። እንቁላሉን ከውስጥ አትስበር፤ ስባሪው ይቆርጣታል። እስከ ከሰዓት ካልወጣ ሐኪም ጋ ውሰዳት፤ ሌሊቱን አትጠብቅ።

ጎጆ_ወጪ

ሁለተኛው ለብታ ውሃ ላይ ወጣ። ቅርፊቱ ሸካራ፣ መጠኑ ከወትሮው አንድ ተኩል። ውሃ ጠጣች፣ ቆማ ላባዋን አራገፈች። እጅ እነሳለሁ። ካልሲየም ትፈልግ ይሆን?

ላባና_አፈር

በደንብ። አንድ ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይይዛል። ያንን ከመኖ ካላገኘችው ከአጥንቷ ትወስደዋለች። የተፈጨ የዛጎል ስባሪ ወይም ታጥቦ ምድጃ ውስጥ ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በዕቃ አስቀምጥላቸው። መኖው ላይ አትቀላቅለው፤ የፈለገችው ራሷ ትወስዳለች። ጠጠር ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ምግብ ለመፍጨት ነው እንጂ ካልሲየም አይሆንም።

ባለአራት_ዶሮ

የ3ኛ ሳምንት ወሬ። 1 ኪሎ ከ560። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም የፈላ ውሃ አድርጌያለሁ። ጨርቁ በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ቀይ ነጥብ ነበረው፤ በሦስተኛው ግን ምንም የለውም። ትናንት ደረቅ አፈር ውስጥ ገብታ ስትንከባለል አየኋት፤ እስክትጨርስ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

አንድ ሰው መብራት ጨምሪላት ብሎኛል። እውነት ነው?

የቆጥ_ጠባቂ

ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ ቀኑ ሲያጥር የምታቆመው ለዚህ ነው። መብራቱ የሚሠራ ነገር ነው። ግን አሁን አታድርጊው። መብራት ሰውነቷን «ጣይ» ብሎ ያዝዛል፤ የምትጥለው ደግሞ ከምን ላይ? ሥጋዋ ገና አልተመለሰም። ክብደቷ እኩያዋ ጋ ሲጠጋ ያኔ እናስባለን። ያኔም የምትጨምሪው ጠዋት ላይ ይሁን፤ ማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ሳይወጡ መሬት ላይ ይቀራሉ።

ላባና_አፈር

እኔ በዚህ ትንሽ እለያለሁ። ቀኑ በጣም አጭር ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጠዋት መጨመር የምትበላበትን ጊዜም ያረዝምላታል። የሚጎዳት አይመስለኝም።

የቆጥ_ጠባቂ

ለምግቡ ስትል ከሆነ እቀበላለሁ። ለእንቁላሉ ስትል ከሆነ ግን ትንሽ ትጠብቅ እላለሁ።

ባለአራት_ዶሮ

5ኛ ሳምንት። 1 ኪሎ ከ740። አናቷ ቀላ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጓደኞቿ ጋር ተቀላቅላለች። ጥቁሯ አንድ ቀን አሳደደቻት፣ ከዚያ ተወቻት። መብራት አልጨመርኩም። እንቁላል ግን የለም። ተስፋ ልቁረጥ ወይስ ጊዜው ነው?

ወይዘሮ_ጭራሮ

አትቁረጪ ልጄ። ዛሬ የምታይው እንቁላል አስኳሉ መወፈር የጀመረው ከ10 ቀን ገደማ በፊት ነው። ሰውነቷ «በቃኝ፣ ድኛለሁ» ካለ በኋላም ያን ያህል ትቆያለች። አጥንቶቹን ዳብሻቸው?

ባለአራት_ዶሮ

አሁን ሄጄ ዳበስኩ። አንድ ተኩል ጣት ይገባል። መውጫዋም እንደ በፊቱ አልደረቀም። ስቀርባት መሬት ላይ ተቀመጠችልኝ፣ ክንፏን ዘርጋ አድርጋ።

ወይዘሮ_ጭራሮ

ቀርቧል እንግዲህ። ጎጆዋ ውስጥ ንጹሕ ጉዝጓዝ አድርጊላት። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ወይም ቅርፊታቸው ለስላሳ ቢሆን አትደንግጪ። ከ2 ሳምንት በላይ እንደዚያው ከቀጠለ ግን ተመልሰሽ ጻፊልን።

ባለአራት_ዶሮ

ዛሬ፣ በ48ኛው ቀን።

ጠዋት ወጥቼ ውሃ እየቀየርኩ ሳለ ስታስካካ ሰማሁ። ድምፅዋን እለየዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከፍ ታደርገዋለች። ከ12 ሳምንት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ሮጥኩ። ጎጆው ውስጥ አንዲት እንቁላል አለች፤ ትሞቃለች፣ ገና እርጥበቱ አልደረቀም። ትንሽ ናት፤ በሚዛን 44 ግራም። አንዱ ጫፏ ላይ ቅርፊቱ ጠጠር የተነሰነሰበት ይመስላል። እጄ ላይ ይዣት ቆየሁ።

ሐኪሙን ጠየቅኩት፣ ከመድኃኒቱ በኩል መብላት ይቻላል ብሎኛል። ለዛሬ ግን አልበላኋትም፤ ሳህን ላይ ናት።

የቆጥ ጠባቂ፣ ላባና አፈር፣ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ጨርቁን ይዤ ገብቼ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። በየ2 ሳምንቱ መግባቴን አልተውም። ፈጥኖ ደራሽ፣ ያንተ ጨርቅ ምን አለ?

ፈጥኖ_ደራሽ

ቀይ ነበር። ነገ ሁለተኛውን የፈላ ውሃ አደርጋለሁ።